አውትሉክ ላይ አርማም ስካን የተደረገ ደብዳቤም አይታይም፤ ቀይ ኤክስ ብቻ

መዝገብ ቤት መሐል ሜዳ

ሰላም ለቤቱ። መሐል ሜዳ ላለ አንድ ጽሕፈት ቤት ነው የምጠይቀው። ስድስት ኮምፒውተር አለ፤ አራቱ ዊንዶውስ 10 ከኦፊስ 2016 ጋር፣ ሁለቱ ዊንዶውስ 7 ከኦፊስ 2010 ጋር። ኢሜይሉ በአይማፕ (ኢሜይልን ከሰርቨር የማንበቢያ መንገድ) የተገጠመ ነው፣ ኤክስቼንጅ የሚባለው የማይክሮሶፍት የኢሜይል ሰርቨር የለም። መስመሩ ብሮድባንድ ነው፣ እሱ ሲቆም በስልክ ሆትስፖት ይሠራል። ጽሑፍ ይሄዳል፣ ይመጣል። ያስቸገረው ምስል ነው፤ ያውም በሦስት መልክ።

የመጀመሪያው ከእኛ የሚወጣው ነው። ኢሜይሉ ግርጌ ላይ ስም፣ የሥራ መደብና የመሥሪያ ቤቱ አርማ ያለበት ፊርማ አለ። ከእኛ ኮምፒውተር ላይ ሲታይ ምንም አይወጣለትም። ደብረ ብርሃን ያሉ ተቀባዮች ግን አርማው ቦታ ላይ ባዶ ሳጥን ነው የሚያዩት፣ ጂሜይል ላይም አውትሉክ ላይም።

ሁለተኛው መዝገብ ቤቱ ማሽን ላይ ብቻ ነው። ሰዎች ማህተም ያለበትን ደብዳቤ ስካን አድርገው ኢሜይሉ ሆድ ውስጥ ይለጥፉታል። አንዱ ይታያል፣ ሌላው ቀይ ኤክስ። ስልክ ላይ ሲከፈት ግን ሁሉም አለ።

ሦስተኛው ፋይናንስ ያለው ዊንዶውስ 10 ማሽን ነው። ከውጭ የሚመጣ ምስል አንድም አያሳይም። "ዳውንሎድ ፒክቸርስ" ሲባልም ዝም ነው።

አንቲቫይረሱን ለጊዜው አጥፍተን፣ አውትሉክን ሪፔር አድርገን አይተናል፤ ለውጥ የለም። ከየት ልጀምር?

ጣርማ በር

ሦስቱን በአንድ ላይ አይያዟቸው፣ መነሻቸው ለየቅል ነው። ሪፔርም ሆነ ኦፊስን አጥፍቶ መጫን ለዚህ ዓይነቱ ነገር አይረዳም፤ ግማሽ ቀን ይበላል፣ የተጠቃሚው ሴቲንግ ግን ሬጅስትሪው (ዊንዶውስ ሴቲንጎችን የሚያስቀምጥበት መዝገብ) ውስጥ እንዳለ ስለሚቀር ችግሩም አብሮ ይቆያል።

መጀመሪያ ሳጥኑ ውስጥ የተጻፈውን ያንብቡ። አውትሉክ ምስል ሲነፍግ ምክንያቱን እዚያው ይጽፈዋል፣ እኛ ነን ቀዩን ኤክስ ብቻ አይተን የምናልፈው። ጽሑፉ ውስጥ "ፕራይቬሲ" የሚል ቃል ካለና ራይት ክሊክ አድርገህ አውርድ የሚል ከሆነ፣ የተበላሸ ነገር የለም፤ አውትሉክ ሆን ብሎ አግዶታል። "ሊንክድ ኢሜጅ" ማሳየት አልተቻለም፣ ፋይሉ ተዛውሮ ወይም ተሰርዞ ሊሆን ይችላል የሚል ከሆነ ደግሞ፣ ሊያሳይ ፈልጎ አቅቶታል፤ ወይ የምስሉ አድራሻ የትም አያደርስም፣ ወይ አውርዶ የሚያስቀምጥበት ቦታ አጥቷል። ጽሑፍም ኤክስም የሌለበት ባዶ ክፈፍ ከሆነ የኤዲተሩ ሴቲንግ ነው፦ ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ሜይል፣ ኤዲተር ኦፕሽንስ፣ አድቫንስድ ውስጥ "ሾው ፒክቸር ፕሌስሆልደርስ" የሚለው ላይ ምልክት ካለ ያንሱት። ክፈፉም ራሱ ከሌለ ኢሜይሉ ወደ ፕሌን ቴክስት፣ ማለትም ምስል ወደማይይዝ ተራ ጽሑፍ፣ ተቀይሯል። ጃንክ ፎልደር የገባ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚሆነው፤ ወደ ኢንቦክስ ሲመልሱት ምስሉም ይመለሳል። ኢንቦክስ ውስጥ ሆኖም እንደዚያ ከሆነ ትረስት ሴንተር ገብተው ኢሜይል ሴኪዩሪቲ ላይ ሁሉንም በፕሌን ቴክስት አንብብ የሚለው ተመርጦ እንዳይሆን ይዩ።

ቀጥሎ ያንኑ ኢሜይል በዌብሜይል ወይም በስልክ ይክፈቱት። እዚያ ከታየ ጥፋቱ የኮምፒውተሩ ነው። የትም ካልታየ የላኪው ነው፣ ተቀባዩ ጋ ምንም ቢነካኩ አይድንም። ይህን እርስዎ ግማሹን ሠርተውታል፦ ሁለተኛው ስልክ ላይ ስለሚታይ የማሽኑ ነው፣ የመጀመሪያው ለማንም ተቀባይ ስለማይታይ የእናንተ ነው።

የፊርማውን አርማ በተመለከተ፣ ከተላኩት ውስጥ አንዱን በራሱ መስኮት ይክፈቱና ጽሑፍ የሌለበት ቦታ ላይ ራይት ክሊክ አድርገው "ቪው ሶርስ" ይበሉ። ኖትፓድ ይከፈታል። ኮንትሮልና ኤፍ ተጭነው "ኢሜጅ" የሚለውን በእንግሊዝኛ ይፈልጉና ከምስሉ በፊት ያለችውን አድራሻ ያንብቡ። "ሲ-አይ-ዲ" ብላ ከጀመረች ምስሉ ከኢሜይሉ ጋር አብሮ ተጉዟል። "ኤችቲቲፒ" ብላ ከጀመረች ምስሉ ድረ ገጽ ላይ ነው ያለው፣ ተቀባዩ ከዚያ ነው የሚያወርደው። "ፋይል" ብላ ከጀመረችና ከኋላዋ የዲስክ ፊደል ካለ፣ ለምሳሌ ዲ ድራይቭ፣ አርማው ከእናንተ ኮምፒውተር አልወጣም ማለት ነው። እናንተ ጋ ቆንጆ ሆኖ የሚታየውም ለዚሁ ነው፤ ፋይሉ እዚያው ነዋ። የደብረ ብርሃኑ ሰው ኮምፒውተር ግን የእናንተን ዲ ድራይቭ ከየት ያምጣው?

የትኛዋ እንደሆነች ይጻፉልን።

ፈጣን መልስ

ይህን ያህል ምን አስቸገረ። ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ትረስት ሴንተር፣ ትረስት ሴንተር ሴቲንግስ፣ አውቶማቲክ ዳውንሎድ። የመጀመሪያውን "ዶንት ዳውንሎድ" የሚለውን ምልክት ማንሳት። ስድስቱም ላይ አድርጉት፣ አለቀ።

የጅሩ ልጅ

አላለቀም፣ ወንድሜ። ያ ሴቲንግ የታገደን ምስል ነው የሚፈታው። እዚህ ከተጠየቀው ሦስት ነገር የመጀመሪያው ከላኪ ነው፣ ሁለተኛው የተለጠፈ ምስል ነው፣ የተለጠፈ ደግሞ ድሮም አይታገድም። ሦስተኛውም ራይት ክሊክ አድርገው አውርድ ሲሉት እንኳ እንቢ ብሏል፤ የታገደ ቢሆን በዚያች ጠቅታ ይከፈት ነበር።

ደግሞ እገዳው ያለ ምክንያት አልተቀመጠም። ሰው ከማያውቀው ላኪ የሚመጣ ኢሜይል ውስጥ በዓይን የማትታይ አንድ ፒክስል ምስል ይኖራል። አውትሉክ እሷን ለማውረድ ሰርቨሩን ሲጠይቅ ኢሜይሉ መቼ እንደተከፈተ፣ ከየትኛው አይፒ አድራሻ፣ አድራሻው የሚሠራ መሆኑም ጭምር ለላኪው ይደርሰዋል። ክፍያ የሚፈጽም ክፍል ባለበት ቢሮ ይህን ለሁሉም መክፈት አይገባም። የምታምኑትን ብቻ ክፈቱ፦ ኢሜይሉ ላይ ራይት ክሊክ፣ ጃንክ፣ "ኔቨር ብሎክ ሴንደርስ ዶሜይን"። ከአንድ ዶሜይን (አድራሻው ላይ ከ@ በኋላ ያለው ስም) የሚመጣው ሁሉ ከዚያ በኋላ ራሱ ይከፈታል። ጂሜይልን ወይም ያሁን ግን በዶሜይን እንዳትፈቅዱ፣ ዓለም ሁሉ እዚያ ነው ያለው፤ ለእነሱ "ኔቨር ብሎክ ሴንደር" ብላችሁ ሰውዬውን ብቻ።

አሁን ወደ መዝገብ ቤቱ ማሽን። አንዱ ይታያል፣ ሌላው አይታይም፣ ስልክ ላይ ሁሉም አለ፤ ይህ የአውትሉክ ጊዜያዊ ፎልደር መሙላት ነው ብዬ እገምታለሁ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ኢሜይል ውስጥ የተለጠፈ ምስል ሲከፈት አውትሉክ መጀመሪያ አንድ የተደበቀ ፎልደር ውስጥ ይገለብጠዋል። የተለጠፈ ምስል ሁሉ ማለት ይቻላል ስሙ አንድ ነው፦ ኢሜጅ001፣ ኢሜጅ002 እያለ ይሄዳል፣ ላኪው ማንም ይሁን ማን። ያው ስም ሲደጋገም በቅንፍ ቁጥር እየጨመረ ያስቀምጣል፤ 99 ሲደርስ ግን ይቆማል። ከዚያ በኋላ ኢሜጅ001 የሚባል ምስል ይዞ የሚመጣ ኢሜይል ቦታ የለውም። ኢሜጅ007 የያዘው ግን ይከፈታል፣ ቁጥሩ ገና ስላልሞላ። አንዱ ታይቶ ሌላው የሚጠፋው በዚህ ነው።

አውትሉክ ኢሜይሉ ሲዘጋ ጊዜያዊውን ፋይል ራሱ ማጥፋት ነበረበት። ነገር ግን ኢሜይሉ እንደተከፈተ መብራት ድርግም ካለ አያጠፋውም፣ ተመልሶም አያጸዳውም። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚይዝ ባትሪ) የሌለው ማሽን ላይ መብራት በሄደ ቁጥር ጥቂት ይቀራል፤ ዓመት ሁለት ዓመት ሲቆይ ይሞላል።

ማጽጃው፦ አውትሉክን ዝጉ፣ ታስክ ማኔጀር ውስጥም እንዳልቀረ እዩ። የዊንዶውስ ቁልፍና አር ተጭናችሁ "ሬጅኤዲት" በሉ። ኤችኬይ ከረንት ዩዘር፣ ሶፍትዌር፣ ማይክሮሶፍት፣ ኦፊስ፣ 16.0፣ አውትሉክ፣ ሴኪዩሪቲ ድረስ ውረዱ። ለኦፊስ 2010 በ16.0 ፋንታ 14.0 ነው፣ ለ2013 ደግሞ 15.0። በቀኝ በኩል "አውትሉክ ሴኪዩር ቴምፕ ፎልደር" የሚል አለ። ሁለቴ ጠቅ አድርጋችሁ ውስጡ ያለውን አድራሻ ኮፒ አድርጉ፣ ምንም ሳትቀይሩ ካንስል በሉ። ፋይል ኤክስፕሎረር ከፍታችሁ አድራሻው ላይ ለጥፉና ኢንተር። ፎልደሩ የተደበቀ ስለሆነ በእጅ ሲሄዱበት አይገኝም፣ በአድራሻ ግን ይከፈታል። ውስጡ ያለውን ሁሉ አጥፉ፣ ፎልደሩን ራሱን ግን ተዉት። ከማጥፋታችሁ በፊት አንድ ነገር፦ ሰዎች የተያያዘ ዎርድ ፋይል ከኢሜይሉ ላይ በቀጥታ ከፍተው ያርሙና ሴቭ ይላሉ፤ የታረመው የሚቀመጠው እዚሁ ነው። በቀን አስተካክሉና የቅርቦቹን ዎርድና ኤክሴል ፋይሎች ባለቤቶቹ እንዲያዩ አድርጉ።

ሲ ድራይቭ ላይ ስንት ቦታ እንደቀረም እዩ። ዲስኩ ከሞላ ያው ምልክት ነው የሚታየው፣ 99ም ሳይደርስ።

አንኮበር በላይ

ስለ ሦስተኛው ማሽን አንድ ጥያቄ ብቻ። ታች በቀኝ በኩል ያለው ሰዓትና ቀን ስንት ይላል? ዓመተ ምሕረቱን ጭምር ይጻፉት። አውትሉክ ሲከፈትስ "ሴኪዩሪቲ ሰርተፊኬት" የሚል መስኮት እየወጣ "የስ" እየተባለ ነው የሚታለፈው?

መዝገብ ቤት መሐል ሜዳ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በየተራው፦

የፊርማው ሶርስ ላይ ያለችው አድራሻ "ፋይል" ብላ የምትጀምረዋ ናት። ዲ ድራይቭ፣ ከዚያ አርማ የሚል ፎልደር፣ ከዚያ የምስሉ ስም በአማርኛ። ጣርማ በር እንዳሉት ነው።

መዝገብ ቤቱ ማሽን ላይ ጊዜያዊ ፎልደሩ ውስጥ ሁለት ሺህ የሚሆን ፋይል ነበር። የኢሜጅ001 በቅንፍ ያለው ቁጥር 99 ላይ ቆሟል። ዎርዶቹን ለይተን አስቀምጠን ሌላውን አጠፋን፤ እንቢ ይሉ የነበሩት ደብዳቤዎች አሁን ይታያሉ።

የፋይናንሱ ማሽን ቀን ዓመቱን 2018 ይላል። ሰዓቱም በእኛ አቆጣጠር ነው የተሞላው፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ 3፡00 ይላል። የሰርተፊኬቱ መስኮትም አውትሉክ በተከፈተ ቁጥር ይመጣል፣ "የስ" ይባላል። ክሮም ላይም አንዳንድ ድረ ገጽ አይከፍትም ነበር፣ የኔትወርክ መስሎን ነው። ማታ ማታ ሶኬቱ ይነቀላል፣ መብራት ሲመለስ እንዳያቃጥል።

አንኮበር በላይ

እንግዲህ ተገኘ። የምስል ችግር አይደለም፣ የቀን ችግር ነው።

ምስሎቹ የሚመጡት ኤችቲቲፒኤስ ካላቸው ድረ ገጾች ነው። እያንዳንዱ ድረ ገጽ ማንነቱን ለማረጋገጥ የሚያቀርበው ሰርተፊኬት ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይሠራል የሚል አለው፤ ዛሬ በሥራ ላይ ያሉት ዕድሜያቸው ከ400 ቀን አይበልጥም። የእናንተ ማሽን ግን የኢትዮጵያን ዓመት እንደ ፈረንጅ ዓመት ስለተሞላ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ቀርቷል። በእሱ ዓይን የዛሬው ሰርተፊኬት ሁሉ ገና ያልወጣ ነው። ስለዚህ ግንኙነቱን ይቆርጣል። ክሮም ቢሆን ሰዓትህ ወደ ኋላ ቀርቷል ብሎ ይነግራል፤ አውትሉክ ምስል ሲያወርድ ግን ምንም ሳይናገር ሳጥኑን ባዶ ይተወዋል።

ጽሑፉ እንዴት ሊመጣ ቻለ ካሉ፣ "የስ" የሚባለው መስኮት ነው መልሱ። አውትሉክ የአይማፑ ሰርቨር ሰርተፊኬት አልጣመኝም፣ ልቀጥል ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ ሰው ይፈቅድለታል፣ ኢሜይሉ ይወርዳል። ለምስሎቹ ግን እንደዚያ ብሎ የሚጠይቅ መስኮት የለም። ያ መስኮት ከአሁን ወዲያ ሲመጣ እንዳይታለፍ ለሁሉም ይንገሩ፤ ቀኑ ትክክል ሆኖ ከመጣ በእናንተና በሰርቨሩ መሐል የገባ ሰው ሊኖር ይችላል ማለት ነው።

አሁን ያስተካክሉት። ቀን ላይ ራይት ክሊክ፣ "አጀስት ዴት ኤንድ ታይም"። ታይም ዞኑን መጀመሪያ፦ ዝርዝሩ ላይ አዲስ አበባ የሚል አይፈልጉ፣ ፕላስ 3፡00 ናይሮቢ የሚለው ነው የእኛ። ከዚያ "ሴት ታይም አውቶማቲካሊ" የሚለውን አጥፍተው ቀኑን፣ ዓመቱን፣ ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር በእጅ ይሙሉ። ከዚያ በኋላ ብቻ አውቶማቲኩን መልሰው አብርተው "ሲንክ ናው" ይበሉ። ቅደም ተከተሉ ምክንያት አለው፤ ብቻውን የቆመ ዊንዶውስ ልዩነቱ ከ15 ሰዓት ከበለጠ ከኢንተርኔት የመጣውን ሰዓት አልቀበልም ይላል። በዓመታት ተሳስቶ እያለ ሲንክ ቢሉት የማይሠራው ለዚህ ነው። በእጅ ተጠግቶ ከተሞላ በኋላ ግን ሰከንዱን ራሱ ያስተካክላል። ያኔም እንቢ ካለ ራውተሩ ወይም ፋየርዎሉ ሰዓቱ ከኢንተርኔት የሚመጣበትን የዩዲፒ 123 ፖርት ዘግቶ እንደሆነ ይታይ።

አሁን ደግሞ ለምን ተበላሸ። ሶኬቱ ማታ ማታ ከተነቀለ የማዘርቦርዱ ባትሪ ብቻውን ነው ሰዓቱን የሚይዘው፣ ስለዚህ ቶሎ ያልቃል። ሲያልቅ ኮምፒውተሩ ጠዋት ሲበራ ቀኑ ከብዙ ዓመት በፊት ወዳለ ቀን ይመለሳል፣ የመጣ ሰው ግድግዳው ላይ ያለውን ካሌንደር አይቶ በእጁ ይሞላዋል። የኛ ካሌንደር ደግሞ 2018 ነው የሚለው። ባትሪውን ሳትቀይሩ ቀኑን ብቻ ብታስተካክሉ በሳምንቱ ተመልሳችሁ እዚሁ ናችሁ።

ባትሪው እንደ ሳንቲም ክብ ነው፣ ቁጥሩ ሲአር 2032፣ 3 ቮልት። ሰዓት ጠጋኞች ጋ አይጠፋም። ኮምፒውተሩን አጥፍተው ገመዱን ነቅለው የኃይል ቁልፉን ለአምስት ሰከንድ ያህል ይጫኑት፣ የቀረው ኤሌክትሪክ እንዲወጣ። የጎን ክዳኑን ከፍተው የመቀመጫውን ትንሽ ምላስ በጥፍር ወደ ውጭ ገፋ ሲያደርጉ ባትሪው ብድግ ይላል። አዲሱ ጽሑፍና የመደመር ምልክት ያለበት ፊቱ ወደ ላይ ሆኖ ይገባል። መልቲሜትር ካለ አሮጌውን ይለኩት፤ ከ2.7 በታች ካነበበ ጥርጥር የለውም። ሲበራ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት ያለው የኮምፒውተሩ ሴቲንግ) ውስጥ ገብተው ቀኑን ያረጋግጡ፣ ከዚያ ዊንዶውስ።

ሌላም ነገር ልጨምር። ከዚያ ማሽን እስከ ዛሬ የተላከው ኢሜይል ሁሉ የተላከበት ቀን ተብሎ የተጻፈበት ይኸው የተሳሳተ ዓመት ነው። አንዳንድ የስፓም ማጣሪያ ቀኑ እጅግ የራቀ ኢሜይልን ይጠረጥራል። "ልከናል፣ አልደረሰንም" የሚል ክርክር ከነበረ የተቀባዩን ጃንክ ፎልደር ያስፈትሹ።

ጣርማ በር

አንኮበር በላይ ጥሩ አየኸው፣ የፋይናንሱን እኔ ፕሮክሲ (በኮምፒውተሩና በኢንተርኔት መሐል የሚቆም ሰርቨር) ነው ብዬ ነበር የማስበው።

ወደ ፊርማው። አርማው በ"ሊንክ ቱ ፋይል" ነው የገባው። ምስል ሲመረጥ "ኢንሰርት" የሚለው ቁልፍ ጎን ትንሽ ቀስት አለች፤ እሷ ስትጫን "ኢንሰርት"፣ "ሊንክ ቱ ፋይል"፣ "ኢንሰርት ኤንድ ሊንክ" ትላለች። ሁሌም ተራው "ኢንሰርት" ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ስለዚህ ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ሜይል፣ ሲግኔቸርስ ይግቡ። አሮጌውን አርማ ሰርዘው እንደ አዲስ ያስገቡ። የምስሉን ስም ግን አስቀድመው በላቲን ፊደል፣ ያለ ክፍተት፣ አጭር አድርገው ይቀይሩት። ዊንዶውስ ላይ የአማርኛ ስም ምንም አይልም። ምስሉ አንድ ቀን ድረ ገጽ ላይ ሲቀመጥ ግን አድራሻው ውስጥ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ዘጠኝ ምልክት ሆኖ ይተረጎማል፤ "ሰሜን ሸዋ" የምትለው ብቻ ከነክፍተቷ 48 ምልክት ትሆናለች። መሐል ላይ ያለ አሮጌ ሰርቨር ይቆርጠዋል ወይም ያበላሸዋል።

የምስሉ ዓይነት ፒኤንጂ ወይም ጄፔግ ይሁን። ግራፊክስ የሠራው ሰው ኤስቪጂ ከላከላችሁ አትጠቀሙበት፣ ጂሜይልም አሮጌ አውትሉክም አያሳዩትም። ከቴሌግራም ስቲከር የተወሰደ ዌብፒንም አሮጌ አውትሉክ አያሳየውም። ለማተሚያ ቤት ተብሎ በሲኤምዋይኬ የተቀመጠ ጄፔግም አንዳንድ ቦታ ባዶ ይሆናል ወይም ቀለሙ ይገለበጣል፤ ፔይንት ላይ ከፍቶ ፒኤንጂ ብሎ ሴቭ ማድረግ ይበቃል። ስፋቱን ወደ 150 ፒክስል አካባቢ አውርዱት። ብዙ ቢሮ ለባነር የተሠራውን ትልቁን ምስል አስገብቶ በመዳፊት ጥግ ይዞ ያሳንሰዋል፤ ዓይን ላይ ያነሰ ይመስላል እንጂ ፋይሉ እንዳለ ነው የሚሄደው፣ በእያንዳንዱ ኢሜይል።

ፊርማውን ወደ ሌሎቹ አምስት ማሽኖች የምትወስዱት ኮፒ በማድረግ ከሆነ ደግሞ ይቺን ጠብቁ። ሲግኔቸርስ ፎልደር ውስጥ ለአንድ ፊርማ ሦስት ፋይልና ከእነሱ ጋር በፊርማው ስም የተሰየመ "ፋይልስ" የሚል ቅጥያ ያለው ፎልደር አለ። አርማው ያለው እዚያ ፎልደር ውስጥ ነው። ፋይሎቹን ብቻ ወስዶ ፎልደሩን መተው የተለመደ ነው፤ ከዚያ እንደገና ቀይ ኤክስ። ሲግኔቸርስ ፎልደርን ለማግኘት ኪቦርዱ ላይ ኮንትሮልን ይዘው ኦፕሽንስ ውስጥ ያለውን "ሲግኔቸርስ" ቁልፍ ቢጫኑት ራሱ ይከፍትልዎታል።

ይህን ሁሉ አድርገው ሶርሱ ላይ አሁንም "ሲ-አይ-ዲ" ካላዩ የሬጅስትሪ ነገር ነው። እስከ አውትሉክ ድረስ የጅሩ ልጅ እንዳለው ይሂዱ፣ ከዚያ ኦፕሽንስ፣ ሜይል። "ሴንድ ፒክቸርስ ዊዝ ዶክዩመንት" የሚል ዲወርድ (ቁጥር የሚይዝ የሬጅስትሪ ዋጋ) ካለና 0 ከሆነ 1 ያድርጉት። ከሌለ በዚያው ስም፣ ክፍተቶቹን ጠብቀው ይፍጠሩት። ከመንካትዎ በፊት ያቺን ቁልፍ ራይት ክሊክ አድርገው ኤክስፖርት ያድርጓት።

ሙከራውን ወደ ራሳችሁ አትላኩ። እናንተ ጋ ፋይሉ ስላለ ሁሌም ይታያል። ወደ አንድ ሰው የግል ጂሜይል ልካችሁ በስልክ፣ ያውም ዋይፋዩን ዘግታችሁ በዳታ እዩት።

የጅሩ ልጅ

የመዝገብ ቤቱ ስለተፈታ ደስ ብሎኛል፣ ግን ሰዎች ደብዳቤ መለጠፋቸውን ካልተዉ ፎልደሩ ይሞላል። ማህተም ያለበት ደብዳቤ ኢሜይል ሆድ ውስጥ የሚለጠፍበት ምንም ምክንያት የለም። ኤ4 ወረቀት በ300 ዲፒአይ በቀለም ስካን ሲደረግ 2480 በ3508 ፒክስል ነው፤ ሳይታመቅ 26 ሜጋባይት ገደማ። ጄፔግ ሆኖ ቢታመቅም ኢሜይል ሲሆን ወደ ጽሑፍ ስለሚቀየር አንድ ሦስተኛ ይጨምራል። በሆትስፖት የሚያወርድ ሰው ግማሹ ላይ ይቋረጥበታል፣ የሚያየውም ግማሽ ደብዳቤና ግራጫ ነው።

ስካነሩ ላይ ፒዲኤፍ፣ 200 ዲፒአይ፣ ግሬስኬል ምረጡና በአታችመንት ይሂድ። ማህተሙ በቀለም መታየት ካለበት 200 በቀለም። አሥር ገጽ ቢሆንም አንድ ፋይል ነው፣ ይታተማል፣ መዝገብ ቤት በቁጥር ያስቀምጠዋል። አንዳንድ አሮጌ ስካነር ሳይነግር ቲፍ ያደርገዋል፤ ቲፍ አውትሉክ ላይ በአታችመንት ይከፈታል፣ ዌብሜይልና ስልክ ላይ ግን ላይታይ ይችላል።

መልስ ሲጻፍም ልብ በሉ። ፕሌን ቴክስት በሆነ ኢሜይል ሪፕላይ ከተደረገ ከታች ያለው ምስል ሁሉ ይረግፋል። ሪች ቴክስት ከሆነ ደግሞ አውትሉክ የሌለው ተቀባይ "ዊንሜይል" የሚል የማይከፈት ፋይል ነው የሚደርሰው። ኦፕሽንስ፣ ሜይል ውስጥ "ኮምፖዝ" የሚለውን ኤችቲኤምኤል አድርጉት።

መዝገብ ቤት መሐል ሜዳ

የፋይናንሱ ባትሪ 1.9 ነው ያነበበው። ተቀየረ፣ ቀኑም ተሞላ፣ ምስሎቹ መጡ፣ የሰርተፊኬቱ መስኮትም ጠፋ። ፊርማውም በኢንሰርት ገብቶ ጂሜይል ላይ ታየ። የቀሩት ሁለቱ ዊንዶውስ 7 ናቸው። ቀናቸው ትክክል ነው፣ እገዳውም ተነሥቷል፣ የአንዳንድ ድርጅት ምስል ይታያል የአንዳንዱ አይታይም።

አንኮበር በላይ

እነዚያ የቲኤልኤስ (የኤችቲቲፒኤስ ግንኙነት የሚመሰጠርበት ዘዴ) ናቸው። አውትሉክ ምስል ሲያወርድ የዊንዶውስን ኢንተርኔት ኦፕሽንስ ነው የሚጠቀመው። ኮንትሮል ፓነል፣ ኢንተርኔት ኦፕሽንስ፣ አድቫንስድ፣ እስከ ታች ሴኪዩሪቲ የሚለው ድረስ ይውረዱ። "ዩዝ ቲኤልኤስ 1.2" ምልክት ይኑረው፤ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 11 ያልተጫነበት ዊንዶውስ 7 ላይ ጠፍቶ ነው የሚመጣው። ኤስኤስኤል 2.0ና 3.0 ምልክታቸው ይነሣ። እዚያው አካባቢ "ዱ ኖት ሴቭ ኢንክሪፕትድ ፔጅስ ቱ ዲስክ" የሚል አለ፤ ምልክት ካለው ያንሱት፣ እሱ ካለ ከኤችቲቲፒኤስ የሚመጣ ምስል የሚቀመጥበት ያጣል። አፕላይ፣ ከዚያ አውትሉክን ዘግቶ መክፈት።

ከዚህ በኋላ ጥቂት ድረ ገጾች ቢቀሩ አያሳድዷቸው። ዊንዶውስ 7 ድጋፉ ያበቃው ጥር 2020 በፈረንጅ ነው፣ ኦፊስ 2010 ደግሞ በዚያው ዓመት ጥቅምት፤ ዝማኔ ያላገኘ ማሽን አዳዲሶቹን ሩት ሰርተፊኬቶች (የድረ ገጾች ሰርተፊኬት የሚረጋገጥባቸውን) ላያውቃቸው ይችላል። በእነዚያ ሁለት ማሽኖች ላይ ምስል ያለበትን ኢሜይል በፋየርፎክስ ዌብሜይል ይክፈቱት፣ ፋየርፎክስ የራሱን ሰርተፊኬት ይዞ ነው የሚዞረው። ማሽን ሲቀየር ቀድመው የሚነሡት እነሱ ይሁኑ፤ ክፍያም ሆነ የሠራተኛ ማህደር ያለበት ሥራ እስከዚያው ወደ ሌሎቹ ይዛወር።